በፈትል የተለካው መስኮት

የፈተና ወረቀት ሳርም የተሳሳተውን መልስ አከብበዋለሁ እንጂ የኤክስ ምልክት አላደርግበትም። ባልደረቦቼ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ልማድ ነው» ብዬ አልፋለሁ። እውነቱ ግን በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ላይ የገጠመኝ ነገር ነው። ያን ጊዜ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ዛሬም ከሐይቁ በኩል የከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ መስኮት ሲያንኳኳ ያ ሳምንት ይመጣብኛል፤ አርፌ መቀመጥ ያቅተኛል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ከሐይቁ ዳር ጥቂት ገባ ብሎ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የነበሩ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነበር። ሰዉ «አሮጌው ሰፈር» ይለዋል። ቤቶቹ የሚታወቁት በመስኮቶቻቸው ነው። ረጃጅም፣ ባለ ሁለት ክንፍ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ የእንጨት መስኮቶች ናቸው፤ ከወለሉ በጉልበት ከፍታ ላይ ይጀምራሉ። እኔ ገጠር፣ ዱርቤቴ ስላደግሁ፣ በልጅነቴ የማውቀው መስኮት ጭስ እንዲወጣበት የተተወ ቀዳዳ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ ሳላይ አልሄድም።

ችግሩ እንጨቱ እያረጀ መሄዱ ነው። ተከራዮቹ የበሰበሰውን እየነቀሉ በላሜራ መስኮት ይተኩት ጀመር፤ ከውስጥም የብረት ዘንግ ያስበይዱበታል። በኋላ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ውሳኔ መጣ። አሮጌው ሰፈር የጥንት መልኩን ይዞ እንዲቆይ፣ የተለወጡት መስኮቶች እንዲመረመሩና ቀስ በቀስ ወደ እንጨት እንዲመለሱ፣ ላሜራም ሆነ የብረት ዘንግ እንዳይኖርባቸው የሚል ነበር። በቀበሌው ስብሰባ ላይ «ቤት ለቤት ዞሮ የሚያይ ሰው እንፈልጋለን» ሲባል፣ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እጄ ተነሥቶ ነበር።

ሥራ በሥርዓት ካልሆነ አይሆንልኝም። ስለዚህ የምልክት ዘዴ አወጣሁ። ደህና ለሆነ የእንጨት መስኮት ክብ፣ ጥገና ለሚያስፈልገው አንድ መስመር፣ ወደ ላሜራ ለተለወጠው ኤክስ። ምልክቱን መቃኑ ላይ በጠመኔ አደርጋለሁ፤ በኋላ የሚመጡት አናጢዎች ሳይጠይቁ እንዲለዩት ነው። ትምህርት ቤት ነጭ ጠመኔ አልቆ ስለነበር ቀዩን ይዤ ወጣሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ጨመርሁበት። የሐይቁ ነፋስ ለሽማግሌና ለሕፃን ክፉ ነው። እነሱ የሚተኙበት ክፍል መስኮት ቅድሚያ እንዲያገኝ ብዬ፣ በየቤቱ «ከዚህ መስኮት ሥር ማን ነው የሚተኛው? ዕድሜውስ?» እያልሁ ለመጠየቅ ወሰንሁ። ይህን ያሰብሁ ቀን በራሴ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀበሌው በበኩሉ «ኮሚቴ ያለ ጥበቃ አይዞርም» አለና አንድ አብዮት ጠባቂ መደበልኝ። ጋሽ ይግዛው ይባላሉ። ሃምሳን ያለፉ፣ ከጠመንጃቸው ይልቅ ጫማቸው የሚከብዳቸው ሰው ናቸው። አንድ መስኮት ስመረምር እሳቸው የግድግዳውን ጥላ ይዘው ይቆማሉ።

«መምህር፣ እኔ አንተን አይደለም የምከተለው» ይሉኛል። «ጥላውን ነው። አንተ ደግሞ ደግነቱ ከጥላ ጥላ ነው የምትሄደው።»

እንዲህ እየተሳሳቅን እትዬ ዘነቡ ቤት ደረስን። እትዬ ዘነቡ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ፈትል እየፈተሉ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው በላይ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ቤታቸው የሰፈሩ መጨረሻ ነው፤ የጓዳው መስኮት በቀጥታ ወደ ሐይቁና ዳሩን ወደ ሞላው ደንገል ያያል። እሱም ላሜራ ሆኗል፤ ዘንጉም ተበይዶበታል።

በር ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ጋሽ ይግዛውን ነው። «ይግቡ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልጋበዘኝም።

ገብቼ መስኮቱን አየሁ። ከሥሩ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ደብተር ተቀምጧል።

«እዚህ ማን ነው የሚተኛው፣ እትዬ?»

«ማንም።»

«የበላይ ደብተር አይደለም እንዴ ይሄ?» ብዬ ሳቅሁ። «ዕድሜው ስንት ሆነ?»

«ገና ሕፃን ነው።»

«ከእኔ ይበልጣል እኮ በቁመት!»

አልሳቁም። እኔ ግን ወጥቼ መቃኑ ላይ ቀይ ኤክስ አደረግሁና ደጋግሜ አስረዳኋቸው። «ይህን ምልክት እንዳያጠፉት፤ ሰዎች ሲመጡ በዚህ ነው የሚያውቁት።» እጃቸው ላይ የነበረውን እንዝርት ጨብጠው አዩኝ። ጋሽ ይግዛው ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ስገባ ከኋላ በኩል ሦስት መቀመጫ ባዶ ነው። በላይና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ሦስቱም የአሮጌው ሰፈር ልጆች። «ምን ሆኑ?» ብል የሚመልስ ጠፋ። ስለ ምድር ወገብ እያስረዳሁ ሳለ ማንም ጠመኔዬን እንጂ ሰሌዳውን እንደማያይ ገባኝ።

ሲደወል የሺ የምትባል ተማሪ ወደ ኋላ ቀረች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝም?»

«አልቆጣሽም።»

«ሂደዋል። እርስዎ ቤታቸው ላይ ምልክት ስላደረጉ።»

«የምን ምልክት? የመስኮቱ ነው እኮ!»

«እናቶቹ እንደዚያ አይሉም። መምህሩ ከጠመንጃ ጋር መጣ፣ ወንድ ልጅ የት እንደሚተኛ ጠየቀ፣ ዕድሜውን ጠየቀ፣ ከዚያ በቀይ አሰመረ ነው የሚሉት።»

ለማያውቀው አንባቢ ላብራራ። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ምልመላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ልጅ ያላት እናት በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ልጇን ነው የምታየው። ከዚያ ወዲያ ነው ማን እንደመጣ የምትጠይቀው። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ስለ መስኮት እያሰብሁ ስለነበር የእኔ አመጣጥ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል አልታየኝም።

እየሮጥሁ ሄድሁ። እትዬ ዘነቡ ቤት የሉም፤ ሐይቁ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ነፋሱ ተነሥቷል፤ ውሃው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«እትዬ፣ በላይ የት ነው?»

እጃቸውን ወደ ውሃው ዘረጉ።

እንጨት ሸጠው ወደ ደቅ ደሴት የሚመለሱ ታንኳዎች ነበሩ። ሲነጋ እትዬ ዘነቡ ሦስቱን ልጆች በእነሱ ላይ አሳፍረዋቸዋል። ደቅ ላይ ወንድማቸው ቄስ ናቸው። ታንኳ ማለት የታሰረ ደንገል ነው፤ ጠዋት ውሃው ሲተኛ ደህና ነው፤ ከሰዓት ግን ማዕበሉ በላዩ ይሄዳል። መንገዱም በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። በላይ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ያደገው በዜማ እንጂ በዋና አይደለም።

«እምልልዎታለሁ፣ እትዬ፤ የመስኮት ነገር ብቻ ነው!»

«መስኮት?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ። «በጠመንጃ?»

ማስረዳት ጀመርሁ። የማዘጋጃ ቤቱን ውሳኔ፣ ክቡን፣ መስመሩን፣ የሽማግሌና የሕፃኑን ቅድሚያ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አንተ የምታውቀውን ነው የምትነግረኝ» አሉ። እርስዎ ማለታቸው ቀርቷል። «እነሱ የሚያውቁትን ግን አታውቅም።»

ወደ ሰፈሩ ተመለስሁ።

ምልክቶቹን ልፋቃቸው ብዬ ጨርቅ ሳረጥብ ጋሽ ይግዛው ደረሱብኝ። «አስቀምጥ!» አሉኝ። «አሁን ብታጠፋው፣ ምን ሊደብቅ ነው ይሉሃል። ይልቅ ና፤ ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛውን በጣቶቹ እየመታ ጠበቀኝ።

«ጓድ መምህር፣ ከአሮጌው ሰፈር ወጣት ጠፋ የሚል ወሬ ሰማሁ። ከቤት የጠፋ ወጣት ደግሞ ከግዳጅ የሸሸ ወጣት ነው። አንተ ትናንት እዚያ ነበርህ። የት ሄዱ?»

«አላውቅም» ብል ይፈለጋሉ፤ «ደቅ ሸሹ» ብል ይያዛሉ። በሩ አጠገብ የቆሙት ጋሽ ይግዛው ጣራ ጣራውን እያዩ ተናገሩ።

«ለመስኮቱ እንጨት ሊያመጡ አይደል የሄዱት? ኮሚቴው ነው ያዘዘው፤ አይደለም እንዴ መምህር?»

በዚያች ቅጽበት ማስረዳት የምወድ ሰው መሆኔ ጠቀመኝ። ባሕር ዛፍ በሐይቁ እርጥበት እንዴት እንደሚጣመም፣ የተጣመመ ክንፍ እንዴት መቃን እንደሚያናጋ፣ ዋንዛ ግን ምስጥ እንደማይደፍረው፣ የደሴቶቹ ገዳማት በሮች ከምን እንደተሠሩ አንድ በአንድ ዘረዘርሁለት።

«ዋንዛ እዚህ የለም እንዴ?» አለኝ በመሀል።

«አለ፤ ግን ርጥብ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ርጥብ እንጨት ተሠርቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የአንደኛው ልጅ አጎት ደቅ ላይ ቄስ ናቸው። ድሮ የወደቀ ዛፍ አስጠርበው ያደረቁት ሳንቃ አላቸው።» ይህን ሳንቃ ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። «የእንጨት አደራረቅ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው...»

«በቃ! በቃ!» አለና እጁን አነሣ። «መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ከጎርጎራ በሚመለሰው ጀልባ።»

«እንግዲያው ወደቡ ላይ መጥቼ እንጨቱን አያለሁ።»

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ይግዛው ሳቁ። «እኔ አንዲት ቃል አበደርሁህ፤ አንተ መጽሐፍ አድርገህ መለስህለት» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «አሁን እንጨትም ልጆችም ያስፈልጉሃል።»

ጀልባው በየሳምንቱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ ሲሄድም ሲመለስም ደቅ ላይ ይቆማል። እስከሚነሣ ቀናት ቀርተውታል። ልጆቹ መድረሳቸውን ግን የሚያውቅ የለም። ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ሐይቁ ዳር እመላለስ ጀመር። አንድ ቀን የተበታተነ የደንገል እስር ወደ ዳር ተገፍቶ አየሁና ከነጫማዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። አንድ ዓሣ አስጋሪ ከሩቅ ጮኸብኝ፦ «አሮጌ ነው፣ መምህር! እኛ የጣልነው ነው!» እንደዚያም ሆኖ እስኪመሽ ድረስ ከዳሩ አልሄድሁም።

ጀልባው ሊነሣ ሲል ዋዜማውን እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ያለውን፣ ጋሽ ይግዛው የመለሱትን፣ እኔ የጨመርሁትን ሁሉ ነገርኋቸው።

«ልጄን ልጥራው ነው የምትለኝ?»

«ካልመጡ ሸሽተዋል ይባላሉ፣ እትዬ። ያኔ ደቅም አያድናቸውም።»

«ከመጡስ?»

የምችለውን ብቻ ነገርኋቸው። ስለዚህ ሳምንት ልምልላቸው እችላለሁ፤ ከዚያ ስላለው ግን አልችልም። ምናልባት ያመኑኝ ለዚህ ይሆናል። ብዙ ከተናገርሁት ይልቅ ይህችን አዳመጧት።

ተነሥተው ከቅርጫታቸው የተፈተለ ፈትል አወጡ። መስኮቱ ዘንድ ሄዱና ከጥግ እስከ ጥግ ዘርግተው ቋጠሩት፤ ይህ ወርዱ ነው። ከላይ እስከ ታች ዘርግተው ደግሞ ቋጠሩት፤ ይህ ቁመቱ ነው። በገጠር ለአናጢ ልክ የሚላከው እንደዚህ ነው። ያደግሁበት አገር ነውና አውቀዋለሁ። ግን አንዲት እናት ልጇን ለመጥራት ስትቋጥረው አይቼ አላውቅም ነበር።

«ወንድሜ ቃል ብቻ ቢላክለት አያምንም» አሉ። «አስገድደዋት ነው ይላል። ይህን ካየ ግን ያምናል። ለመዋሸት ብሎ መስኮት የሚለካ ሰው የለም።»

ፈትሉን ጠቅልለው ከመልእክቱ ጋር ለሚያምኑት ለአንድ የጀልባ ሠራተኛ እንዲደርስ ሰጡኝ። በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ «ከመጣና ከወሰዱት ግን» አሉ፣ «ሌላ ቦታ አልሄድም። የአንተን ደጅ ነው የማንኳኳ።»

ጀልባው የሚመለስ ዕለት ወደቡ ላይ ከሁሉ ቀድሜ ደረስሁ። እትዬ ዘነቡ ራቅ ብለው ቆሙ። ሊቀመንበሩም እንዳለው መጣ። ጋሽ ይግዛው የአንድ ዋርካ ጥላ መርጠዋል። ጀልባው ሲታይ ነፋሱ በርትቶ ስለነበር ወደ ዳር ለመጠጋት ብዙ ታገለ። ሰው መውረድ ጀመረ። ዶሮ የያዙ ሴቶች፣ ጆንያ የተሸከሙ ነጋዴዎች፣ ሁለት መነኮሳት። ልጆቹ የሉም። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። እኔ እትዬ ዘነቡን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ከዚያ ከጀልባው ሆድ የእንጨት ጫፍ ብቅ አለ። ቀይ ቡኒ፣ የደረቀ ሳንቃ። ከሳንቃው በስተኋላ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ በላይ። ሁለቱ ጓደኞቹም ተከተሉት።

ቄሱ በእርግጥ የደረቀ ዋንዛ ነበራቸው። ለራሳቸው የቤት በር ያስቀመጡት ነው። ፈትሉን ሲያዩ ልጆቹ እንዳይያዙ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ጸለዩ፤ ከዚያ በራቸውን ለእኅታቸው መስኮት ላኩ። ይህን በላይ ነው በኋላ የነገረኝ።

እትዬ ዘነቡ ልጃቸውን አላቀፉም። ሰው እያየ ነው። ቀስ ብለው ቀርበው ፈትሉን ከልጁ እጅ ተቀበሉና ሳንቃው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጉት። ሁላችንም ቆመን አየን።

«ይበቃል» አሉ።

ሊቀመንበሩ ሳንቃውን በጣቱ አንኳኳ። «ጥሩ እንጨት ነው» አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «አታስረዳኝ» ብሎ ሄደ።

መስኮቱ ተሠራ። ላሜራው ተነቀለ፤ በደንቡ መሠረት የብረት ዘንጉም ወጣ። ባለ ሁለት ክንፍ የዋንዛ መስኮት አረንጓዴ ተቀብቶ ወደ ሐይቁ ተከፈተ። ቀዩን ኤክስ ከመቃኑ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የፋቅሁት እኔው ነኝ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ የሚያስቅ ገጠመኝ ነበር። ግን አላለቀም። ከወራት በኋላ እውነተኛው ምልመላ መጣ። አንድ ረፋድ ላይ ሰፈሩን ከበቡት። ጠመኔ የያዘ አልነበረም፤ ዕድሜ የጠየቀም አልነበረም። ስሰማ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ሁለቱ ጓደኞቹ ፊቴ ተቀምጠዋል፤ በላይ ግን ያን ቀን አሞት ቤቱ ቀርቷል። እስኪደወል እንዴት እንዳስተማርሁ አላስታውስም።

እትዬ ዘነቡ ዘንድ ስደርስ ቁጭ ብለው ይፈትላሉ። የጓዳው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውጭ ደንገሉ ይወዛወዛል።

«በላይስ?»

ቀና አሉ። «ያ መስኮትህ» አሉኝ፣ «ሲከፈት ድምፅ የለውም።»

እንዝርቱን እያሾሩ ጨመሩ። «ከኋላ በኩል የቆሙት ጋሽ ይግዛው ነበሩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ጥላ ይፈልጋሉ።»

በላይ ወደ ደቅ የሚወስደውን መንገድ ያውቀው ነበር። ጊዜው እስኪለወጥ እዚያው ቆየ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ጋሽ ይግዛውን ለማመስገን ሳስብ ሳስብ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ያን ቀን ከኋላ በኩል ጥላ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ፤ ረፋድ ላይ የዚያ ቤት የሐይቅ ወገን ፀሐይ ነው። መስኮቱን የመረመርሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ሰፈር ሳልፍ አሁንም ቀና ብዬ አያለሁ። ብዙዎቹ መስኮቶች እንደገና ተለውጠዋል። የእትዬ ዘነቡ አለ፤ ቀለሙ ለቋል፣ እንጨቱ ግን አልተጣመመም። ፊት ለፊቱ ስደርስ ክንፉን ከፍቼ ሳልዘጋ አላልፍም። የኤክስ ምልክት ትቻለሁ። ማስረዳት ግን አልተውሁም።